«ጊዜህ አልቋል» የተባለ ወታደር ፍርድ ቤት ቢሄድ ምን ያገኛል?

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 የሕንድ ምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ቪጄይ ኩማር ሲንግ የገዛ መንግሥታቸውን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ወታደር የሚያዝዙ ሰው ናቸው። የክርክሩ ጭብጥ ግን የጦር ስልት ወይም በጀት አልነበረም፤ የተወለዱት በ1950 ነው ወይስ በ1951 የሚል ነበር። የአንዷ ዓመት ልዩነት በሥልጣን ላይ አሥር ወር ያህል ያስቆያቸዋል ወይም ያሳጣቸዋል። በሥራ ላይ እያለ መንግሥቱን የከሰሰ የሕንድ ጦር አዛዥ ከእሳቸው በፊት አልነበረም።

የጄኔራሉን ክስ መጨረሻ ወደ ኋላ እናየዋለን። በየአገሩ ተመሳሳይ አቤቱታ ይዘው ፍርድ ቤት የሚቆሙት ግን ብዙዎቹ ጄኔራሎች አይደሉም። አሥርና ሃያ ዓመት አገልግለው አንድ ቀን የስንብት ደብዳቤ የደረሳቸው የበታች መኮንኖችና ተራ ወታደሮች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ጤና አለኝ፣ ሥራዬን አውቃለሁ፣ ታዲያ በቁጥር ብቻ ለምን እባረራለሁ? (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጡረታ ዕድሜና የአገልግሎት ዘመን ገደብ አንድ ናቸው?

አይደሉም። የጡረታ ዕድሜ የሚቆጠረው ከልደት ቀን ነው። የአገልግሎት ዘመን ገደብ የሚቆጠረው ከቅጥር ወይም ከሹመት ቀን ነው። በመጀመሪያው አንድ ሰው ስላረጀ ይሰናበታል፤ በሁለተኛው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ እያለም ሊሰናበት ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ይጣመራሉ። ለምሳሌ በሕንድ የሦስቱ ኃይሎች አዛዦች የሚሰናበቱት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ወይም 62 ዓመት ሲሆናቸው ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይሠራል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ «እደግ ወይም ተሰናበት» ልንለው እንችላለን። ለሚቀጥለው ማዕረግ በተደጋጋሚ ታይቶ ያልተመረጠ መኮንን ዕድሜው ምንም ይሁን ምን ይወጣል። የአሜሪካ ጦር በዚህ ሥርዓት ይታወቃል።

በአማርኛ «ጡረታ» የምንለው ቃል ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል፤ ከሥራ መሰናበቱንና ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚከፈለውን አበል። በውትድርና ሁለቱ ተነጣጥለው ሊገኙ ይችላሉ። አበል ለማግኘት ሃያ ዓመት ማገልገል የግድ ሆኖ የአገልግሎት ዘመን ገደቡ አሥራ አራት ዓመት ከሆነ፣ ወታደሩ ይሰናበታል እንጂ አበል አያገኝም። ከብዙዎቹ ክሶች ጀርባ ያለው ቁስል ይህ ነው። ከሳሹ ብዙ ጊዜ የሚታገለው መለዮውን ለብሶ ለመቆየት ብቻ አይደለም፤ የቀሩትን ጥቂት ዓመታት ሞልቶ ለቤተሰቡ የሚሆን ነገር ይዞ ለመውጣት ነው።

ገደቡ መጀመሪያውኑ ለምን አስፈለገ?

የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክንያት አካል ነው፤ ጦርነት የወጣት ጉልበት ይጠይቃል። ግን ይህ ምክንያት ብቻውን አይበቃም። በቢሮ የሚሠራ የሎጂስቲክስ መኮንን ወይም የጦር ሐኪም በ50 ዓመቱ ከ30 ዓመቱ የተሻለ ሊሠራ ይችላል።

ይበልጥ ጠንካራው ምክንያት የጦር ሠራዊት ቅርጽ ነው። ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ የሆነ ደረጃ አስቡ፤ እያንዳንዱ እርከን ከታቹ ያነሰ ሰው ብቻ ይይዛል። ጦር ኮሎኔል ሲያስፈልገው ከሌላ መሥሪያ ቤት አያስመጣም፤ ከታች ያሳደገውን መቶ አለቃና ሻምበል ነው ወደ ላይ የሚያወጣው። ከላይ ያሉት ካልወረዱ ከታች ያሉት ባሉበት ይቆማሉ፤ ሃያ ዓመት በአንድ ማዕረግ የቆመ መኮንን ደግሞ ተስፋ ይቆርጣል ወይም ይለቃል። መንግሥታት ፍርድ ቤት ቀርበው ደጋግመው የሚያቀርቡት መከራከሪያም ይኸው ነው።

ወታደር እንደ ማንኛውም ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሊከስ አይችልም?

በብዙ አገሮች አይችልም። የእንግሊዝን የሕግ ሥርዓት በወረሱ አገሮች የቆየ መርህ አለ፤ ወታደር የሚያገለግለው በርዕሰ ብሔሩ መልካም ፈቃድ ነው ይላል። የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 310 ይህንኑ በግልጽ አስፍሯል። አንቀጽ 33 ደግሞ ፓርላማው በወታደሮች ላይ መሠረታዊ መብቶችን እንዲገድብ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወታደሩና መንግሥት ያላቸው ግንኙነት ሁለት እኩል ወገኖች የተፈራረሙት የሥራ ውል ተደርጎ አይታይም።

በዕድሜ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን የሚከለክሉ ሕጎችም ወታደሩን ከደጅ ያቆሙታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ያወጣው የሥራ እኩልነት መመሪያ በአንቀጽ 3 ንዑስ አንቀጽ 4 አባል አገሮች በዕድሜና በአካል ጉዳት ረገድ ጦር ኃይላቸውን ከመመሪያው ውጭ ማድረግ እንደሚችሉ ይደነግጋል። የብሪታንያ የ2010 የእኩልነት ሕግም ተመሳሳይ በር አለው። በአሜሪካ ከ40 ዓመት በላይ ያሉ ሠራተኞችን የሚጠብቀው የ1967 ሕግ የደንብ ልብስ የለበሰውን ወታደር እንደማያካትት ፍርድ ቤቶች በተደጋጋሚ ወስነዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያውስ ወታደር መብት የለውም» ብሎ ይደመድማል። ስህተት ነው። የተዘጋው አንዱ በር ነው።

ታዲያ ዳኞች ምኑን ይመረምራሉ?

የእግር ኳስ ዳኛን አስቡ። ጨዋታ ለምን 90 ደቂቃ ሆነ፣ ለምን 100 አልሆነም ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ለአንዱ ቡድን በ80ኛው ደቂቃ ቢነፋ፣ ወይም የጨዋታውን ሰዓት ለመቁረጥ ሥልጣን የሌለው ሰው ሜዳ ገብቶ ቢያቋርጠው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ፍርድ ቤቶችም በአብዛኛው እንዲሁ ያደርጋሉ። ቁጥሩን አይነኩም። 54 ዓመት ትክክል ነው ወይስ 56 የሚለውን ለሕግ አውጪውና ለጦሩ ይተዋሉ። የሚመረምሩት ቁጥሩን ማን አወጣው፣ በየትኛው ሕግ፣ በሁሉም ላይ እኩል ይሠራል ወይ፣ ሲተገበርስ ራሱ ባወጣው ደንብ ሄዷል ወይ የሚለውን ነው። ይህን ልዩነት የያዘ አንባቢ ከዚህ በታች ያሉት ውሳኔዎች ለምን አንዱ ለከሳሽ ሌላው ለመንግሥት እንደ ሆኑ ያለ ችግር ያያል።

ወንዱ ለምን በዘጠኝ፣ ሴቷ ለምን በአሥራ ሦስት?

በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የሽሌሲንገርና (የመከላከያ ሚኒስትሩ) የባላርድ ጉዳይ ነው። ባላርድ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። መኮንን ከመሆኑ በፊት ሰባት ዓመት በተራ ወታደርነት አገልግሏል፤ በመኮንንነት ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ሁለት ጊዜ ለዕድገት ታይቶ ስላልተመረጠ ሊሰናበት ሆነ። ሃያ ዓመት ለመሙላት የቀረው ጥቂት ነበር።

ክሱ ብልሃት ነበረው። ሕጉ ለሴት መኮንኖች የሚሰጠው አሥራ ሦስት ዓመት ነው፤ እኔ ወንድ ስለሆንኩ ብቻ አራት ዓመት አጣሁ አለ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተቀበለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በአምስት ዳኞች ለአራት ሻረው። ምክንያቱ ሴቶቹ በዚያን ጊዜ በጦር መርከብና በውጊያ አውሮፕላን እንዳይመደቡ በሕግ ተከልክለው ስለነበር ለዕድገት የሚያበቃ ልምድ የማግኘት ዕድላቸው ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ማካካሻ እንጂ አድልዎ አይደለም የሚል ነው።

ፍርዱ ለባላርድ መራራ ነበር። ለእኛ የሚጠቅመው ግን አምስት ለአራት መሆኑ ነው። ጥያቄው «ዘጠኝ ዓመት ይበቃል ወይ» ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይቀራረብም ነበር። ዳኞቹን የከፈለው የእኩልነት ጥያቄ ነው።

ከአንድ ዓመት በኋላ ከማሳቹሴትስ ግዛት የደንብ ልብስ ለባሽ ፖሊስ የመጣ ሌላ ክስ ይህን ያሳያል። ከሳሹ በ50 ዓመቱ የሚያሰናብተውን ሕግ ተቃወመ፤ ከመሰናበቱ አራት ወር ቀደም ብሎ የጤና ምርመራ አልፎ ነበር። የተከራከረው ስለ ዕድሜው ቁጥር ራሱ ነበርና በሰባት ለአንድ ተሸነፈ።

የሕንድ ሴት መኮንኖች እንዴት አሸነፉ?

በዚህ ርዕስ ላይ አንድ ታሪክ ብቻ አንብቡ ብባል የማቀርበው ይህን ነው።

የሕንድ ምድር ጦር ሴቶችን ከሕክምና ውጭ ባሉ ክፍሎች በመኮንንነት መቀበል የጀመረው በ1992 ነው። የተሰጣቸው የአጭር ጊዜ ሹመት ነበር፤ መጀመሪያ አምስት ዓመት፣ ኋላ አሥር፣ ቀጥሎም እስከ አሥራ አራት ዓመት የሚራዘም። በአጭር ጊዜ ሹመት የገባ ወንድ ጊዜው ሲያበቃ ለቋሚ ሹመት መወዳደር ይችላል፤ ካለፈ እስከ ጡረታ ዕድሜው ይቆያል። ሴቷ ይህ መንገድ አልነበራትም። የመኮንን የጡረታ አበል ደግሞ ሃያ ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። አሥራ አራት ዓመት ሠርታ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ፣ ያለ አበል ትወጣለች ማለት ነው።

በ2003 ባቢታ ፑኒያ የተባሉ ጠበቃ በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ፤ መኮንኖቹም ተከተሉ። ፍርድ ቤቱ በ2010 ፈረደላቸው። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ ፍርዱም ሳይፈጸም ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቋሚ ሹመት ለሴቶችም በእኩልነት እንዲከፈት ወሰነ። የመንግሥት ጠበቆች ስለ ሴቶች አካላዊ አቅምና ስለ ቤተሰብ ኃላፊነት ያቀረቡትን ክርክር ፍርድ ቤቱ ስለ ፆታ የተያዘ የቆየ ግምት ነው ብሎ ጣለው።

ልብ በሉ፤ ከሳሾቹ አሥራ አራት ዓመት አንሷል አላሉም። ለወንዱ የተከፈተው በር ለእኛም ይከፈት ነው ያሉት። ቁጥሩ እንዳለ ቀርቶ ነው ያሸነፉት።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ጦሩ ሴቶቹን ለቋሚ ሹመት መመዘን ሲጀምር ለወንዶች የሚሠራውን መስፈርት ተጠቀመ። ወረቀት ላይ እኩል ነው። ወንዱ ግን የጤናና የአካል ብቃት ምዘናውን የሚወስደው በአምስተኛው ወይም በአሥረኛው የአገልግሎት ዓመቱ፣ ገና በወጣትነቱ ነው። ሴቶቹ በሩ ሳይከፈትላቸው ዓመታት ስላለፉ፣ ያንኑ ምዘና ከ40 ዓመት በላይ ሆነው፣ ከወሊድም በኋላ ተቀመጡ። በየዓመቱ ስለ ሥራቸው የተጻፈው ሚስጥራዊ ሪፖርትም ቢሆን «ይቺማ ወደፊት አትቀጥልም» በሚባልበት ዘመን በግዴለሽነት የተሞላ ነበር፤ አሁን ግን መመዘኛ ሆኖ ቀረበባቸው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2021 በሌተና ኮሎኔል ኒቲሻ ጉዳይ ይህን በተዘዋዋሪ የሚፈጸም አድልዎ ብሎ ሰየመው። በቀላል ቋንቋ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ መስፈርት ያለፈውን በደል ሳይቆጥር ሲተገበር ያንኑ በደል ያስቀጥላል ማለት ነው። ዳኞቹ ምዘናው እንደገና እንዲደረግ አዘዙ። ሚዛኑን ትክክል ነው ማለት ብቻ እንደማይበቃ፣ ሰው ሚዛኑ ላይ መቼ እንደ ወጣም መጠየቅ እንዳለበት ያስተማረ ፍርድ ነው።

አራት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ወታደርስ?

በጁን 2022 የሕንድ መንግሥት አግኒፓት የተባለ የቅጥር ሥርዓት ይፋ አደረገ። አዲስ ተቀጣሪዎች የሚያገለግሉት አራት ዓመት ነው። ከዚያ ከአራት ተቀጣሪ ከአንድ ያልበለጠው በሠራዊቱ ይቆያል፤ ሌሎቹ 11.71 ሌክ ሩፒ፣ ማለትም አንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ሰባ አንድ ሺህ ሩፒ ያህል ይዘው ይሰናበታሉ። ወርሃዊ የጡረታ አበል የለም። መንግሥት የሠራዊቱን አማካይ ዕድሜ ከ32 ወደ 26 ዝቅ ለማድረግ ነው አለ። በበርካታ ግዛቶች ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ ባቡሮች ተቃጠሉ።

ፍርድ ቤት ከሄዱት መካከል ልብ የሚነኩት በቀድሞው ሥርዓት ፈተና አልፈው፣ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ቅጥሩ ሲጓተት ሲጠብቁ የቆዩ ወጣቶች ናቸው። ክርክራቸው በሕግ ቋንቋ «ሕጋዊ ተስፋ» ይባላል፤ መንግሥት በአሠራሩ ያሳደረብኝን እምነት ያለ በቂ ምክንያት ሊያፈርሰው አይገባም የሚል ነው። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 አልተቀበላቸውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኤፕሪል አጸናው። ፈተና ማለፍ የመቀጠር መብት አይሰጥም፤ የሠራዊቱ አወቃቀር የአገር ደኅንነት ፖሊሲ ነው ተባለ።

በእርግጥ የወጣቶቹ ጉዳት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን አራት ዓመቱ በአዲስ ገቢዎች ሁሉ ላይ እኩል የወደቀ ስለነበር ዳኞቹ የሚይዙት ስንጥቅ አላገኙም።

አንድ አዛዥ ከጊዜው በላይ እንዲቆይ ሲደረግ መክሰስ ይቻላል?

በፓኪስታን ተችሏል። በኦገስት 2019 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የምድር ጦር አዛዡን የጄኔራል ቃማር ጃቬድ ባጅዋን የሥራ ዘመን በሦስት ዓመት አራዘሙ። የጄኔራሉ ጊዜ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ ኖቬምበር 26፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማራዘሚያውን አገደው። አቤቱታ አቅራቢው ክሱን ላንሳ ቢልም ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ የሕዝብ ነው ብሎ ያዘው።

ዳኞቹ የጠየቁት የዋህ የሚመስል ጥያቄ ነበር፦ ማራዘም የሚፈቅደው ሕግ የቱ ነው? አልተገኘም። መንግሥት በችሎቱ መካከል ደንቡን ለማሻሻል ቢሞክርም አላዳነውም። ፍርድ ቤቱ አዛዡ ለስድስት ወር ብቻ እንዲቆዩ ፈቅዶ ፓርላማው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕግ እንዲያወጣ አሳሰበ። ፓርላማው በጃንዋሪ 2020 ሕጉን አወጣ፤ ማራዘም ተፈቀደ፣ ጣሪያውም 64 ዓመት ሆነ። ባጅዋ እስከ ኖቬምበር 2022 ቆዩ። በ2024 ደግሞ የአዛዦች ዘመን ከሦስት ወደ አምስት ዓመት በሕግ ከፍ ብሏል።

ስለዚህ ከሳሽ አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ? ሰውዬው ከሥልጣን አልወረዱም። ነገር ግን እስከዚያ ቀን በልማድ ሲደረግ የኖረ ነገር በጽሑፍ ሕግ እንዲሆን ተገደደ። የሥልጣን ምንጭን የሚጠይቅ ክስ ሊያስገኝ የሚችለው ይህን ነው፤ ሕግ አውጪው ቀዳዳውን በማግስቱ ሊደፍነው ይችላል።

ወታደሩ ራሱ መልቀቅ ቢፈልግስ?

ገደብ በሌላው ጫፍም አለ፤ ከዚህ ዓመት በፊት አትወጣም የሚል። በ1968 የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን በ15 እና በ16 ዓመታቸው የብሪታንያን ጦር ተቀላቅለው ለዘጠኝ ዓመት የታሰሩ ልጆች ያቀረቡትን አቤቱታ፣ ውሉ ባርነት አይደለም ብሎ ውድቅ አደረገ። በ2015 ግን የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አንድ የግሪክ ወታደራዊ ሐኪም ለመልቀቅ 107 ሺህ ዩሮ ያህል እንዲከፍል የተጠየቀበትን ጉዳይ መርምሮ፣ የግዳጅ ሥራ ክልከላ ተጥሷል ብሎ ወሰነ። መንግሥት ለትምህርት ያወጣውን ማስመለስ ይችላል አለ። ያልተቀበለው ሸክሙን ነው፤ ገንዘቡ ከነወለዱ ወዲያውኑ እንዲከፈል መጠየቁ ሚዛን የሳተ ነው አለ።

የጄኔራል ሲንግ ክስ መጨረሻው ምን ሆነ?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸው 1951 ይላል። ወደ ጦር አካዳሚ ለመግባት የቀረበው ቅጽ 1950 ይላል። ሁለት የጦሩ ቢሮዎች ሁለት የተለያየ ዓመት ይዘው አሥርተ ዓመታት ኖሩ። ጄኔራሉም ቀደም ሲል ለዕድገት በታዩበት ጊዜ 1950ን እንደሚቀበሉ በደብዳቤ ገልጸው ነበር። ዳኞቹ የምንመረምረው በትክክል የተወለዱበትን ቀን ሳይሆን መንግሥት መዝገቡን ይዞ የሰጠውን ውሳኔ ነው አሉ። ጄኔራሉ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2012 ክሱን አንስተው ሜይ 31 ተሰናበቱ። በልጅነታቸው የተሞላ ቅጽ ከአራት አሥርተ ዓመታት በኋላ የጦር አዛዥ ሥልጣን ወሰነ።

ክሱ ሲጓተት ዕድሜው አይሄድም?

ይሄዳል፤ የዚህ ዓይነት ሙግት ትልቁ ጭካኔም እዚህ ላይ ነው። ቤት ወይም መሬት ላይ የተነሳ ክርክር አሥር ዓመት ቢወስድ ቤቱ ይቆያል። የአገልግሎት ዘመን ግን በየቀኑ እያለቀ የሚሄድ ንብረት ነው። ለዚህ ነው ጠበቆች ከዋናው ክስ በፊት የእግድ ትእዛዝ የሚጠይቁት፤ ባላርድ በመጨረሻ ቢሸነፍም ስንብቱ እንዲታገድ አድርጎ ክርክሩን የተከታተለው ከነመለዮው ነው።

የሕንድ ሴት መኮንኖች አቤቱታ ከ2003 እስከ 2020 አሥራ ሰባት ዓመት ወሰደ፤ ከሚያሰናብታቸው የአሥራ አራት ዓመት ገደብ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ዳኞቹ ይህን ስላወቁ በፍርዱ ውስጥ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግለው ቋሚ ሹመት ያልተሰጣቸው መኮንኖች ቢያንስ ከነጡረታ አበላቸው እንዲሰናበቱ አዘዙ።